ፋሲካን ሐሙስ ያዋለው ስልክ

ስለ ተለዋዋጭና ስሌት በሒሳብ ሶፍትዌር፣ ደሴ ላይ ለሒሳብ መምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ከደሴ ብቻ ሳይሆን ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወረኢሉ ድረስ የዕረፍት ቀናችሁን ሠውታችሁ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት በሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ተለዋዋጮችን እንዴት እንደምንጠቀምና ስሌትን እንዴት እንደምናስተሳስር ነው። ተለዋዋጭ ስል በክፍል ውስጥ ቫሪያብል የምንለውን ማለቴ ነው። ሶፍትዌሩን ከፍቶ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንደሚገባ ማንኛችሁም በግማሽ ቀን ትደርሱበታላችሁ፤ ስለዚህ በእሱ ጊዜ አላጠፋም። እኔን ለረጅም ጊዜ ያሳተኝና ተማሪዎቼን በየዓመቱ የሚያስተው ነገር ሌላ ነው፤ እሱን ያስተማሩኝም ስልክ ነክተው የማያውቁ አንድ የኔታ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ደብር ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመንና የበዓላት አቆጣጠር፣ የሚያስተምሩ አባት አሉ። ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ጂኦጀብራ የተባለውን ሶፍትዌር በስልኬ ላይ ጭኜ መሥራት በጀመርኩ ሰሞን፣ የበዓላትና የአጽዋማትን ማውጫ በሙሉ በአንድ ፋይል አስገብቼ ላሳያቸው ሄድኩ። ዓመቱን የሚወክል አንድ ተለዋዋጭ አበጀሁ፤ እሱንም በጣት ወዲያና ወዲህ በሚገፋ ተንሸራታች ላይ አሰርኩት። ብዙዎቻችን ስላይደር የምንለው ማለት ነው። ተንሸራታቹን 2017 ላይ አቆምኩት።

ስሌቱን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለም 7517 ይሆናል። ይህን በ19 ስንገድፈው፣ ማለትም አካፍለን ቀሪውን ብቻ ስንይዝ፣ 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 11 ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴ 1 ይወጣል፤ ወንበርን በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ ደግሞ መጥቅዕ 29 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ የ2017 መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ። ቀኑ ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ ደግሞ 4 ነው። 29 እና 4 ተደምሮ 33፤ ከ30 ስላለፈ 3 ይቀራል፣ ወሩም ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ላይ ያርፋል። በእርግጥም የ2017 ፋሲካ በዚያ ዕለት ነበር።

የኔታ ጣታቸውን እያጠፉና እየዘረጉ፣ እኔ ፋይሉን ከፍቼ ሳልጨርስ፣ ያንኑ መልስ ቀድመውኝ ነገሩኝ። ከዚያ «እስቲ የሚቀጥለውን ዓመት አሳየኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ተንሸራታቹን ወደ 2018 ገፋሁት። ወንበሩ 12 ሆነ፤ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ሆነ፤ ሁሉም በየቦታው ሲለዋወጥ ደስ አለኝ። መጨረሻው መስመር ላይ ግን ትንሣኤ ሚያዝያ 1 ይላል። የኔታ ጥቂት አሰቡና ፈገግ ብለው «ሚያዝያ 1 እኮ ሐሙስ ነው። ፋሲካን በጸሎተ ሐሙስ ልታስፈስከን ነው?» አሉኝ። ያፈርኩትን አፍረት አልረሳውም። ቀጥለውም «ዓመቱን አንተ ትለውጣለህ፤ ተውሳኩን ማን ይለውጥልሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

ስሕተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጡት። እኔ ወንበርን፣ አበቅቴንና መጥቅዕን በቀመር አስገብቼ ነበር፤ ተውሳኩ ጋ ስደርስ ግን መስከረም 29 ረቡዕ መሆኑን ከግድግዳ ካላንደር ላይ አየሁና 4 ብዬ ጻፍኩ። ለ2017 ልክ ነበር። ዓመቱ ሲለወጥ ግን ያ 4 የሚሰማው ነገር የለውም፤ ዓመቱን የሚያውቅበት ክር የለውምና ባለበት ቆመ። የ2018 መጥቅዕ መስከረም 18 ስለሚውል፣ ቀኑም እሑድ ስለሆነ፣ ተውሳኩ 7 መሆን ነበረበት፤ ያን ጊዜ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ዝምድና መጻፍ ሲገባኝ ውጤት ጻፍኩ፤ ሦስት ቀን ጎደለብኝ።

በሶፍትዌሩ ቋንቋ ሲነገር፣ ማናቸውም መጠን ከሁለት አንዱ ነው፤ ነጻ ነው ወይም ጥገኛ ነው። ነጻ የምንለው እኛ በእጃችን የምንለውጠውን ነው፤ በእኔ ፋይል ውስጥ ነጻ መሆን ያለበት ዓመቱ ብቻ ነበር። ጥገኛ የምንለው ከሌሎች መጠኖች በቀመር የተወለደውን ነው፤ እሱን በጣት ልንገፋው አንችልም፣ ወላጁ ሲንቀሳቀስ ግን አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር በሒሳብ ማሽን ላይ ያለው ብልጫ ይህ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። ሒሳብ ማሽን መልሱን ሰጥቶ ጥያቄውን ይረሳል፤ ሶፍትዌሩ ግን መልሱ ከየት እንደ መጣ ስለሚያስታውስ፣ ምንጩ ሲለወጥ ራሱ እንደገና ያሰላል። እኛ በመሐል ገብተን አንዱን ጥገኛ መጠን በቁጥር ስንተካው ያንን ማስታወስ እንቆርጠዋለን፤ የሚያስቸግረው ደግሞ ተንሸራታቹ እስኪነካ ድረስ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው።

ተማሪዎቻችን የሚሠሩት ስሕተት ከዚህ ልዩ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ፣ የቀጥታ መስመርን ተዳፋት ከሁለት ነጥቦች አግኝታችሁ መስመሩን ሳሉ አልኳቸው። ለምሳሌ የወሰድነው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ነው፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ነው፤ መንገዱንም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብለን ያዝነው። አብዛኞቹ 650ን ለ25,000 በሒሳብ ማሽን አካፍለው 0.026 አገኙ፤ ቁጥሩንም ወደ መስመሩ እኩልዮሽ ገለበጡት። መስመሩ በትክክል ተሳለ። «አሁን የኮምቦልቻን ነጥብ ይዛችሁ ወደ ባቲ ውሰዱት» ስላቸው ነጥቡ ብቻውን ሄደ፤ መስመሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም። አንዲት ልጅ ብቻ ተዳፋቱን በሁለቱ ነጥቦች ልዩነት ጽፋ ስለ ነበር የእሷ መስመር ነጥቡን ተከትሎ ዞረ። ሌሎቹ ስልኳን ከበው «ያንቺ ለምን ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቋት፣ የዚያ ቀን ትምህርት በእኔ ሳይሆን በእሷ ተሰጠ።

ወደ ተውሳኩ ልመለስ፤ ጥገናው ራሱ ትምህርት አለበትና። ቀኑን ከካላንደር ማየት ካልቻልን ከዓመቱ ማስላት አለብን። ሊቃውንቱ ዓመተ ዓለሙን ለ4 ሲያካፍሉ የሚደርሰውን መጠነ ራብዒት ይሉታል፤ ይህም ጳጉሜን 6 የሆነችባቸውን ዓመታት ቁጥር የሚይዝ ነው። ዓመተ ዓለምና መጠነ ራብዒት ተደምረው በ7 ሲገደፉ የመስከረም 1 ቀን ይታወቃል፤ 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ለ2017፣ 7517 እና 1879 ተደምሮ 9396፤ በ7 ሲገደፍ 2 ተረፈ፣ ረቡዕ። ከመስከረም 1 እስከ መጥቅዕ ያሉትን ቀኖች ጨምረን ዳግመኛ በ7 ስንገድፍ የመጥቅዕ ዕለት ይገኛል።

ከዚያ ተውሳክ ይመጣል። ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፤ ቅዳሜ ግን 8፣ እሑድ 7። በቃል ስንማረው ከቅዳሜ ተጀምሮ ስለሚወርድ የሚያስቸግር አይደለም፤ ለሶፍትዌር ግን በሰባት ሁኔታ ከፋፍሎ መጻፍ ወይም አንድ ቀመር መፈለግ ግድ ነው። ሁለት ማታ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ከ11 ላይ የዕለቱን ቀሪ ቀንሶ፣ በ7 ገድፎ፣ 2 መጨመር እንደሚበቃ አገኘሁት። ሰኞ ቀሪው 0 ነው፤ 11 በ7 ሲገደፍ 4፣ ሲደመር 2፣ 6። እሑድ ቀሪው 6 ነው፤ 5 ይቀራል፣ ሲደመር 2፣ 7። ከ4 ላይ መቀነስም በሒሳብ ረገድ ያው ነበር፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች ያለን ቁጥር ስንገድፍ አንዳንዱ ሶፍትዌርና አንዳንዱ የፕሮግራም ቋንቋ ቀሪውንም ከዜሮ በታች አድርጎ ስለሚመልስ፣ ከ11 መነሣት ከሙግት ያድናል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ መጽሐፍ አያስተምረውም፤ ተሳስቶ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።

ፋይሉን ካስተካከልኩ በኋላ ተንሸራታቹ 2016 ላይ ሚያዝያ 27፣ 2017 ላይ ሚያዝያ 12፣ 2018 ላይ ሚያዝያ 4 ሰጠኝ፤ ሁሉም ልክ ነው። ያን ጊዜ ነበር ተለዋዋጭ ለማስላት ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም እንደሚያገለግል ያስተዋልኩት። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሁሉ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ ያውቃል። ተንሸራታቹን ስትገፉ ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ታያላችሁ፤ ድምራቸው ግን አይነቃነቅም። ለምን? ማየት ማስረጃ አይሆንም፤ ወንበርን በቁጥር ሳንተካ በስሙ ስንይዘው ግን መልሱ ራሱ ይመጣል። ወንበር ሲባዛ በ11 እና ወንበር ሲባዛ በ19 ተደምረው ወንበር ሲባዛ በ30 ናቸው፤ ይህ ደግሞ ወንበር ምንም ቢሆን በ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለተማሪ ስለ አልጀብራ ጥቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

ሌላም አለ። «መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ፣ ካነሰ» እንላለን፤ 14 ቢሆንስ? ከ0 እስከ 18 ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ወንበሮች በተንሸራታች ብትሄዱባቸው 14 የሚባል መጥቅዕ በፍጹም አይወጣም፤ 13 አለ፣ 15 አለ፣ በመሐላቸው ክፍት ነው። ደንቡን የሠሩት ሰዎች ድንበሩን ማንም በማይቆምበት ቦታ ተከሉት። ወንበር 0 ሲሆን ደግሞ፣ እንደ 2006 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ሶፍትዌሩ መጥቅዕ 0 ብሎ ይጽፋል፤ ሊቃውንቱ 30 ይሉታል። መጀመሪያ ስሕተት መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ነገር ግን ጥቅምት 0 እና መስከረም 30 አንድ ቀን ስለሆነ ፋሲካው በሁለቱም መንገድ ሚያዝያ 12 ይወጣል። ቢሆንም በስክሪኑ ላይ 30 እንዲነበብ አስተካክዬዋለሁ፤ የኔታ ፊት 0 መጥቅዕ ይዤ ልቀርብ አልደፈርኩም።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ደረሳ ሆናችሁ ፈራኢድ፣ ማለትም የእስልምናን የውርስ ስሌት፣ የቀራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለእናንተ ምሳሌው ከዚያ ሊመጣ ይችላል፣ ወሎ ሁለቱንም የሰጠን አገር ነውና። አልጀብራ ለሚለው ስም መነሻ የሆነውን መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የጻፈው አል ኸዋሪዝሚ ከመጽሐፉ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት ነበር፤ ያልታወቀውን መጠን «ሸይእ»፣ ማለትም «ነገር»፣ እያለ ይጠራው ነበር። አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ ሞተ እንበል፤ ወላጆቹም ቀድመውት አልፈዋል፣ ዕዳም የለበትም። ለሚስቲቱ አንድ ስምንተኛ ይወጣል፤ የቀረው ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ይከፈላል። ሀብቱ 240,000 ብር ከሆነ ለሚስት 30,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት 30,000፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 60,000 ይደርሳል። ሀብቱን፣ የወንዶቹን ቁጥርና የሴቶቹን ቁጥር ሦስት ነጻ ተለዋዋጮች አድርጋችሁ ድርሻዎቹን ጥገኛ ብታደርጉ፣ ወንዱ አንድ ብቻ ሲሆን የሴቷ ድርሻ ወዲያው 42,000 ሲሆን ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የወንዶቹን ተንሸራታች ወደ 0 ብትገፉት ሶፍትዌሩ ያለ ማቅማማት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ ግን የሸሪዓውን ደንብ አይከተልም፤ ወንድ ልጅ በሌለበት የሴቶች ድርሻ የሚወጣው በሌላ ደንብ ነው። ቀመሩ የሚሠራበትን ክልል የሚያውቀው ባለሙያው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ስለዚህ የተንሸራታቹን ታች ወሰን 1 ላይ መትከል ወይም የሁኔታ ትእዛዝ ማስገባት የእኛ ፋንታ ነው። ጂኦጀብራ ላይ አዲስ ተንሸራታች ስትፈጥሩ ምንም ካልነገራችሁት ከ−5 እስከ 5 በ0.1 እርምጃ ይሰጣችኋል፤ ዴስሞስ በተባለው ደግሞ ከ−10 እስከ 10 ነው። ሁለት ነጥብ ሦስት ልጅ፣ ሲብስም ከዜሮ በታች የሆነ ልጅ የሚመጣው ወሰኑንና እርምጃውን ሳያስተካክሉ ሲቀሩ ነው።

ስለ ማጠጋጋትም በዚሁ ላንሣ። ሀብቱ 200,000፣ ልጆቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢሆኑ፣ ከሚስት ድርሻ የቀረው 175,000 ለሦስት እጅ ሲከፈል በስክሪኑ ላይ 58,333.33 ይነበባል። ሶፍትዌሩ በውስጡ ከዚያ በላይ ብዙ አሃዝ ይዟል፤ የሚያሳየን ግን ሁለቱን ነው። ያየነውን ገልብጠን በ3 ብናባዛው 174,999.99 ይሆንና አንድ ሳንቲም ይጠፋብናል፤ በስሙ ጠርተን ብናባዛው ግን 175,000 ይመለሳል። አሁንም ያው የተውሳኩ በሽታ ነው። የአንግል ነገር ሲመጣ ደግሞ የዲግሪን ምልክት አትርሱ፤ ሳይን 30 ብላችሁ ያለ ምልክት ከጻፋችሁ ሶፍትዌሩ ራዲያን አድርጎ ይወስደውና በ0.5 ፈንታ −0.988 ይሰጣችኋል።

ስለ ስም ጥቂት ልበል። በአውሮፓ ፍራንሷ ቪዬት በ1591 የሚታወቁትንም የማይታወቁትንም መጠኖች በፊደል መጻፍ ጀመረ፤ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ሥራ የፊደል ገበታውን መጨረሻ ለማይታወቁት፣ መጀመሪያውን ለሚታወቁት ሰጠ፤ ዛሬ ኤክስና ዋይ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ፊደል ለወረቀት ይመቻል። ሶፍትዌር ላይ ግን ወረቀት አናባክንም፤ ስምንት ተለዋዋጭ ያለበትን ፋይል ከወር በኋላ ስትከፍቱት ያ አንድ ፊደል ምን እንደ ነበር ራሳችሁም አታስታውሱትም። የእኛ ሊቃውንት እያንዳንዱን መጠን ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክ ብለው በስሙ ጠሩት፤ ተማሪው የትኛው ከየትኛው እንደሚወለድ በስሙ ይዞ ያድጋል። ይህን ልማድ ወደ ሶፍትዌሩ ብናስገባው እወዳለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ ጂኦጀብራ ለነጥብና ለቬክተር ስያሜ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይቶ ስለሚያይ፣ ያንኑ ጥንድ ቁጥር በትልቁ ብትሰይሙት ነጥብ፣ በትንሹ ብትሰይሙት ቬክተር ይሆንባችኋል። የሚጠየቀውን ነገር ራሱን በራሱ ለመግለጽ ብትሞክሩ ደግሞ፣ ለምሳሌ ወንበርን በመጥቅዕ፣ መጥቅዕንም በወንበር፣ አዙሪት ነው ብሎ ይመልሳችኋል፤ ያን ጊዜ አትቆጡበት፣ ልክ ነው።

ጂኦጀብራን ማርኩስ ሆኸንዋርተር ሳልስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረው ለማስተርስ ማሟያ ሥራው ነበር፤ ስሙም ጂኦሜትሪና አልጀብራ ተጋብተው የወለዱት ነው። ለትምህርት በነጻ ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራም፣ መብራትና ኔትወርክ ተራ በሚጠብቁበት ትምህርት ቤት አንድ ባትሪ ያለው ስልክ ለአምስት ተማሪ ይበቃል።

የተስተካከለውን ፋይል ይዤ ወደ የኔታ ዳግመኛ ሄጄ ነበር። 2018ን አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነነዌ ከጥር 17 በፊት፣ ከየካቲት 21 በኋላ አይገባም እንላለን፤ ይህ መኪናህ ያውቀዋል?» አሉኝ። ቁጥሮቹን አብረን አየናቸው። በመስከረም የሚውለው ትንሹ መጥቅዕ 15፣ ትንሹ ተውሳክ 2፤ ድምሩ 17። በጥቅምት የሚውለው ትልቁ መጥቅዕ 13፣ ትልቁ ተውሳክ 8፤ ድምሩ 21። ሁለቱ ድንበሮች ከዚያ ወጡ። ደስ ብሏቸው «እንግዲያው 21 የሆነበትን ዓመት ፈልግልኝ» አሉኝ። ወደ ፊት ስገፋ 2070 ላይ ቆመ። «እሱን እኔ አላየውም፤ ወደ ኋላ ሂድ» አሉኝ። ወደ ኋላ ስገፋ 1975 ላይ የካቲት 21 ወጣ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 30። የኔታ ስልኩን ከእጄ ወስደው ቀረብ አድርገው ተመለከቱትና «አዎ፤ ያኔ ገና ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ፋሲካን ፈስከን ባደርን በማግስቱ ግንቦት ልደታ ሆነ፤ ሁለቱ በዓል ተያይዞ ዋለ» አሉኝ።